ከባቡሩ በፊት ተራራውን ሥሩ
ሞዴል ባቡር ለመሥራት ላሰባችሁ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ አንባቢዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቤታችሁ ጥግ፣ በትምህርት ቤት ክበብ ወይም በሰው አገር በተከራያችሁት ክፍል ውስጥ ትንሽ የባቡር መስመር ከነአገሩ ለመሥራት ላሰባችሁ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ አገሩ የራሳችን ይሁን። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕዚግ ላይ ሐዲዱ የሚገጣጠም መጫወቻ ባቡር ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው ቤት፣ ዛፍና ተራራ በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ነው። ከሳጥኑ የወጣውን እንዳለ ከደረደርነው የምናገኘው የአልፕስ መንደር ነው። ባቡሩን መግዛት ግድ ይሆን ይሆናል፤ የእኛን ተራራ ግን የሚሸጥ የለም፣ በእጅ ነው የሚሠራው።

የምመክራችሁ ቦታ ከመንዝ ደጋ ጠርዝ ሥር ያለውን ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተቀየሰው፣ ግንባታው ለቱርኩ ያፒ መርከዚ የተሰጠው የባቡር መስመር በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ያልፋል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የታሰበውም በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ነው። ሐዲዱ አጠገብ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ላለ ሰው ፊቱ ላይ የሚቆመው ገደል ነው፤ ከገደሉ በላይ መንዝና ግሼ አሉ። ታች ማሾና ማሽላ፣ ግራርና ግመል፤ ላይ ገብስና በግ፣ ጅብራና ጭላዳ። ይህ ሁሉ በአንድ እይታ የሚገባበት የባቡር መስመር በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

ችግሩ ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከገደሉ በላይ ያለው ጣርማበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት በ1 ለ 87 ስኬል ከሠራችሁ፣ ያ የ1,900 ሜትር ልዩነት ከ21 ሜትር በላይ ይወጣል። አነስተኛውን የ1 ለ 160 ስኬል ብትመርጡ እንኳ 12 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ተራራው በልኩ አይሠራም፤ ዓይንን በማታለል ነው የሚሠራው። ገደላችሁ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ግን ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ነገሮቹን አሳንሱ። ሐዲዱ አጠገብ ያለው ጎጆ በ1 ለ 87፣ ወገቡ ላይ ያለው በ1 ለ 160፣ ጫፉ ላይ ያለው በ1 ለ 220 ይሁን። ቀለሙም ከላይ እየሳሳ፣ ወደ ሰማያዊ እየተሳበ ይሂድ። ላይና ታች እኩል የደመቀ እንደሆነ ዓይን አይታለልም።

ጠረጴዛውንም ከፍ አድርጉት። በተለመደው የ75 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ከሠራችሁት፣ ተመልካቹ እንደ አሞራ ከላይ ያየዋልና ገደሉ ጉብታ ይሆናል። ከመሬት 1 ሜትር ከ25 አካባቢ ከሆነ ግን ቀና ብሎ ያያል፤ ከቆላ ሆኖ ወደ ደጋ ማየት ማለት ይህ ነው። ለልጆች በርጩማ ይቀመጥ። ወርዱ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ባቡር ከሐዲድ ሲወጣ ለማንሣት ስትንጠራሩ ሌላውን ትሰብራላችሁ። ለእግሩና ለወራጁ የደረቀ ሞራሌ፣ ለላዩ ኮምፔንሳቶ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ በርካሽ ቢገኝም ሲደርቅ ይጣመማል፤ ሐዲዱንም ይዞት ይጣመማል።

አሁን ወደ ገደሉ። መንዝን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ጠርዙ አንድ ወጥ ቁልቁለት አይደለም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ ቅልጥ አለት የተሠራ ስለሆነ ገደል፣ ከዚያ ሜዳማ እርከን፣ እንደገና ገደል እያለ ነው የሚወርደው። ሰውም የሚያርሰውና ቤት የሚሠራው እርከኑ ላይ ነው። ሞዴላችሁም እንዲሁ በደረጃ ይውረድ። ተደርድረው የቆሙትን የባዛልት ምሰሶዎች ለመሥራት ከተራ የዕቃ ካርቶን የተሻለ ነገር አላገኘሁም። የካርቶኑን ላይኛ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት፤ ውስጡ ያለው ሞገድ ይወጣል። ሞገዱ ሽቅብ እንዲቆም አድርጋችሁ ለጥፉት። ከአንዱ ሞገድ እስከ ቀጣዩ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1 ለ 87 ሲሰላ 60 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ይህም የአንድ ትልቅ የባዛልት ምሰሶ ውፍረት ነው። ላይኛው እርከን ላይ ሞገዱ ጠበብ ያለውን ስስ ካርቶን ተጠቀሙ። እዚህም እዚያም ሞገዱን በጣት ስበሩት፣ ከሥሩ ደግሞ የተናደ ድንጋይ በትኑበት፤ ከዚያ ቀጠን ያለ ጀሶ በቡሩሽ ቀቡት። ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም አፍስሱበት፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በመጨረሻ ደረቅ ቡሩሽ ላይ ጥቂት ግራጫ ይዛችሁ ጫፍ ጫፉን ብቻ አስነኩት። ባዘቶ ለጉም ብለው ገደሉ ላይ የሚለጥፉ አሉ፤ አልመክርም፣ አቧራ ይዞ ወዲያው ይቆሽሻል። ጉሙን ከኋላ ባለው ሥዕል ላይ በቀለም አሳዩት።

ከጫፉ ላይ የጓሳ ሜዳ አለ። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ሕዝቡ በቀሮ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው ሣር ነው። በሞዴል ላይ እውነተኛውን የጓሳ ሣር አትትከሉ፤ አንዱ ዘለላ 1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር በ1 ለ 87 እንኳ የ9 ሴንቲ ሜትር ግንድ መሆኑ ነው። የሚሆነው የመንዝ በግ ጠጉር ነው። ቡናማውንና ነጩን አፍታቱት፣ ነጩን በወፍራም ሻይ ንከሩት፣ ሁለቱን ቀላቅላችሁ 5 ሚሊ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡት። በኮላ ላይ ቆንጥራችሁ አቁሙት እንጂ አትበትኑት፤ ጓሳ በጉጥ በጉጥ ነው የሚበቅለው። በጉጦቹ መካከል ጥቁር አፈር ይታይ።

ለቤቱ ክዳን ደግሞ ቃጫ ያስፈልጋል። የግድግዳው ከፍታ 2 ሜትር ቢሆን በ1 ለ 87 ሲሰላ 2.3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቤት 5.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግድግዳውን ከካርቶን ጠቅልላችሁ በጀሶ ልበዱት፤ ጀሶው ሳይጠነክር ድንጋይ ድንጋዩን በመርፌ ጫፍ ጻፉበት። ቃጫውን በሻይ ነክራችሁ ከታች ጀምራችሁ እያነባበራችሁ ክደኑ። በደጃፉ ላይ በጢስ የጠቆረ ቦታ ይኑር፤ በአጥሩ ላይ ካቡ አንድ ቦታ ይናድ። እረኛው ገሳ ወይም በርኖስ ይልበስ። ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ፊት አያስፈልገውም፤ አቋሙ ግን ይታያል። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ከሰቀለበት ማንነቱ ከሩቅ ይታወቃል።

ወቅት ምረጡ፤ አንዱን ብቻ። እኔ ታኅሣሥን እመርጣለሁ፤ ገብሱ ታጭዶ ክምር የሚቆምበት፣ ጓሳው የወርቅ መልክ የሚይዝበት ነው። ታኅሣሥ ካላችሁ ወንዙ ጠጠሩን ያሳይ። አደይ አበባና የገብስ ክምር አንድ ሜዳ ላይ አይገናኙም።

ስለ ሐዲዱ ብዙ አልልም፤ ሕጉ የትም ያው ነው። ኩርባውን ቦታችሁ የፈቀደውን ያህል አስፉት፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ በታች ረጃጅም ፉርጎዎች ያስጠላሉ። ሽቅቡ በ1 ሜትር ከ2 ተኩል ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ከሐዲዱ ሥር የሚፈሰውን ጠጠር በሁለት ወንፊት አጣሩት፤ በሰፊው ያለፈውን፣ በጠባቡ የቀረውን ውሰዱ። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ብረት ስላለበት ከማፍሰሳችሁ በፊት ማግኔት ደጋግማችሁ አሳልፉበት፤ አለዚያ ብናኙ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ጠጠሩን ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በተጨመረበት ውሃ አርጥቡት፣ ከዚያ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አንጠባጥቡበት። የኤሌክትሪክ ሽቦውን በአንድ ቦታ ብቻ አታገናኙ፤ በየአንድ ሜትሩ ይግባ። ኃይሉ 12 ቮልት ነው፤ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሶላር ባትሪም ያሠራዋል፤ ፊውዝ ግን ሳይገባበት እንዳትሞክሩት። የ220 ቮልቱን ትራንስፎርመር ከፍታችሁ አትነካኩ።

የመርሐቤቴ አገር ሰዎች ደግሞ በእኛ በኩል ባቡር በሌለበት ምን እንሥራ ትሉኝ ይሆናል። የጀማን ወንዝ የሚሻገር፣ ዓለም ከተማ የሚደርስ መስመር በሐሳብ መቀየስ ይቻላል፤ ደስም ይላል። ያኔ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን የአሮጌውን ባቡር ዓይነት ምረጡ። የእሱ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ በ1 ለ 87 ስኬል 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ተሠርቶለት ይሸጣል። ሐሳብም ቢሆን ግን ሽቅቡን አስቡ። ባቡር ከሸለቆ በቀጥታ አይወጣም፤ በየእርከኑ ጎን ለጎን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው።

አሁን የመጨረሻ ልመናዬ፣ በተለይ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ለምትኖሩ። የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው፤ ለነዋሪው መልካም ነው፣ ማንም ሊከለክል አይገባውም። የሚፈርሰውን ቤት ግን አስቀድመን እንለካው። ሜትር ያዙና ባለቤቱን አስፈቅዱ። የግድግዳውን ከፍታና ውፍረት፣ የበሩን ስፋት፣ የክዳኑን ዝቅዝቅታ፣ ምሰሶው የቆመበትን ቦታ መዝግቡ። ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑንና የቀበሌውን ስም ከጀርባው ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ ሥራ አስቀሩና ሌላውን በአቅራቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት አንድ ቤት ለኩ።

አክባሪያችሁ