ዝገትም ምክንያት አለው

«መጫወቻ ባቡር ገዝቶ ማቆሸሽ ምን ጥበብ ይባላል?» የሚሉን አሉ። ሙግቴ ከእነርሱ ጋር አይደለም፤ ከራሳችን ጎራ ካሉት፣ ሞዴሉን ሁሉ ዝገት ቀብተው «እውነተኛ መሰለ» ከሚሉት ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 መመረት የጀመረውን የአሜሪካ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ ባለ 3000 የፈረስ ጉልበቱን «ኤስዲ 40-2»ን እንመልከት። ወደ 21 ሜትር የሚረዝመው ይህ ግዙፍ በ1፡87 ልኬት 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ቢያንስም የእድፉ ሕግ አይለወጥም። ጥላሸቱ ከጭስ ማውጫው ተነሥቶ በጣሪያው ላይ ይዘረጋል። ከፍሬኑ የሚበንነው ቡናማ ብናኝ በመንኮራኩሮቹ ዙሪያ ይጋገራል። ናፍጣው ከጋኑ መሙያ አፍ ቁልቁል ይወርዳል። ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዛለች፤ ዝናብ በአቧራው ላይ ሰንበር ያወጣል። ታዲያ ውኃ በማያቁርበት፣ ቀለሙም ባልተላጠበት ገጽ ላይ ያ ሁሉ ዝገት ከወዴት መጣ?

ነገሩ ሐዘን በሌለበት ግጥም ውስጥ እንደሚፈስ እንባ ነው። ወፍራሙን የፕላስቲክ መደገፊያ አውልቆ በቀጭን ሽቦ ለመተካት ሌሊቱን ያነጋ ሰው፣ ጠዋት ድካሙን በሐሰት እድፍ ይቀብረዋል!

ወዳጆቼ፣ ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት የአንድን ሎኮሞቲቭ ፎቶግራፍ፣ የተነሣበትን ዓመት ጭምር አውቃችሁ፣ ፊታችሁ አኑሩ። ምክንያቱን የማታውቁትን እድፍ አትቀቡ። ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚያብረቀርቀው ሞዴል እንኳ አልዋሸም፤ ሎኮሞቲቩ አንድ ቀን እንዲያ ነበርና። በዘፈቀደ የዛገው ግን በየትኛውም ሐዲድ ላይ አልታየም።