«እሱ እንኳ ይለያል»፦ የጅምላ ፍረጃ መሸሸጊያ

ለትምህርት ጀርመን ሄዶ፣ ሁለት ዓመት ከናይጄሪያዊ፣ ከህንዳዊና ከጀርመናዊ ጋር በደባልነት የኖረ ኢትዮጵያዊ ለእረፍት አገሩ ሲገባ ወሬው ብዙ ነው። ከወሬው መሐል አንዲት ዐረፍተ ነገር አትቀርም፦ «ናይጄሪያዊው ደባሌ እንኳ ይለያል፤ በጣም ታማኝ ልጅ ነው።» ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል። ተናጋሪውም ዓለምን አይቶ አእምሮው እንደሰፋ ይቆጠርለታል።

በዚያች «እንኳ» ውስጥ ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተፈርዶበታል። ነጻ የወጣው አንድ ደባል ብቻ ነው።

ውጭ አገር መኖር ጭፍንነትን ያስጥላል ይባላል። በራሱ ምንም አያስጥልም። የጅምላ ፍረጃ ብልጥ ነው፤ የሚያፈርሰው ማስረጃ ሲመጣበት ማስረጃውን «ልዩ ሰው» ብሎ በጓሮ በር ያስወጣውና እሱ እንደነበረ ይቀመጣል። ለዚህ ነው አሥር ዓመት ከአሥር አገር ሰው ጋር ወጥ ቤት ተጋርቶ፣ አሥር «ልዩ ሰዎች» አፍርቶ፣ ስለ አሥሩም አገሮች ግን ከቦሌ ሲነሳ የነበረውን ሐሳብ ይዞ የሚመለስ ሰው የበዛው።

የጀርመኑን የደባል ቤት እንመልከት። እዚያ «ቬጌ» ይሉታል። እያንዳንዱ የራሱ መኝታ ክፍል አለው፤ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው የጋራ ነው። ማቀዝቀዣው በመደርደሪያ ይከፋፈላል። የጽዳት ተራ በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል። ኢትዮጵያዊው የመጀመሪያው ቅዳሜ ወጥ ሠርቶ ሁሉንም «ኑ ብሉ» ይላል። በሳምንቱ ጀርመናዊው ለጋራ ዘይትና ሳሙና የወጣውን አስልቶ ድርሻውን በሳንቲም ይጠይቀዋል። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ፈረንጅ ስስታም ነው።»

በዚያኛው ክፍል ደግሞ ሌላ ፍርድ እየተጻፈ ነው። ኢትዮጵያዊው ለግብዣ ሲጠራ «እሺ» ብሎ ይቀራል። ሲከፋው ምንም አልሆንኩም ይላል፤ ከዚያም ለሳምንት ያኮርፋል። እሱ ይህን ይሉኝታ ይለዋል። ደባሉ ግን «እነዚህ ሰዎች ቃላቸውን አያከብሩም» ብሎ ይደመድማል። አንዱ ከአንድ የሳሙና ሒሳብ ጀርመንን፣ ሌላው ከአንዲት «እሺ» ኢትዮጵያን ሠርቷል።

ኢትዮጵያዊው ቆም ብሎ ቢያስብ ያንን የሳንቲም ሒሳብ ከሰፈሩ ያውቀዋል። እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው። ወርሃዊ መዋጮውን ያልከፈለ ይቀጣል፤ ቀብር የቀረም ይቀጣል። እቁብ ላይ አንድ ብር ብትጎድል ሰብሳቢው ይጠየቃል። እድርን ስስታም ያለው ሰው የለም። ሒሳቡ ጥብቅ የሆነው ማኅበሩ እንዳይፈርስ፣ ማንም የማንም ባለዕዳ ሆኖ አንገቱን እንዳይደፋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የቬጌው ሒሳብም ሥራው ይኸው ነው። አገር ቤት «ሥርዓት» የተባለው ነገር ፈረንጅ ሲሠራው «ስስት» ከተባለ፣ ችግሩ ያለው በፈረንጁ ኪስ ውስጥ አይደለም።

ስለ ህንዶች የሚባለውም ከዚህ አይሻልም። «ሲያበስሉ ይሸታሉ» ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ድስቱ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ እያቁላላ ነው። ቡናውን ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕንጻው ሙሉ ደረጃ ላይ ወጥቷል። ህንዳዊው መደርደሪያ ላይ ያለው እርድ፣ አብሽ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ እናቱ ቋጥራ ከላከችለት ቅመም ጋር አንድ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

በዚያ ላይ በኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መካከል ህንዳውያን ብዙ ነበሩ። ለዚያ ትውልድ ህንዳዊ ማለት ጠመኔ የያዘ ጥብቅ መምህር ነበር። ለዛሬው ደባል የወጥ ቤት ሽታ ሆነ። ህንዶች በመሐሉ አልተለወጡም። የተለወጠው የተመልካቹ መቀመጫ ነው። በተቀመጡበት ቦታ የሚለዋወጥ ነገር ደግሞ ዕውቀት ሊባል አይችልም።

ይህ ሁሉ የሚያሳፍረው ኢትዮጵያዊው የፍረጃን ሕመም ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያሰራጨው የረሃብ ዘገባ ዓለምን አዞረ። በዚያው ዓመት በለንደንና በፊላደልፊያ የእርዳታ ኮንሰርት ተካሄደ። አራት አሥርት ዓመታት አልፈውም አንድ ኢትዮጵያዊ አዲስ ቤት ገብቶ አገሩን ሲናገር «አሁን ምግብ አለ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይናደዳል፤ መናደዱም ልክ ነው። አክሱምን ይጠራል፣ ላሊበላን ይጠራል፣ ዓድዋን ይጠራል። አገር በአንድ ዘገባ አይለካም ብሎ ይሟገታል። ከዚያ ዞር ብሎ የሾይንካንና የአቼቤን አገር በአንድ የኢሜይል ማጭበርበሪያ ይለካታል።

«ፍረጃ ከልምድ ይመጣል፤ ሰው ያየውን ነው የሚናገረው» የሚሉ አሉ። የተጭበረበረ ሰው የተጭበረበረው በአንድ ሰው ነው። አገሩ ሰው ሲያታልለው «አንድ ሌባ በላኝ» ይላል እንጂ «አበሻ ሌባ ነው» ብሎ ራሱን አይጨምርም። ለራስ ወገን ግለሰብ፣ ለሌላው ሕዝብ የሚቆጥር ሚዛን ልምድ አይባልም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አንስቷል። መቀራረብ ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ እኩል ሲሆኑ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ሲተባበሩና ሕግና ሥርዓት ሲደግፋቸው ነው ይላል። ቤሩትን ማየት ይበቃል። ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዎቿ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመታት ታሳልፋለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ግን በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲደቅ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ቅርበት ነበረ፤ እኩልነት ግን አልነበረም። የቬጌው ደባል በእኩል ኪራይ፣ በእኩል ቁልፍ ይኖራል። እነዚያ ሴቶች ያላገኙትን ዕድል አግኝቶ የሚያባክነው እሱ ነው።

ደግሞም «እሱ እንኳ ይለያል» የምትለው ሐረግ ውጭ አገር የተወለደች አይደለችም። ከአገር ቤት በሻንጣ የሄደች ናት። ያው ተማሪ ከፓኪስታናዊ ጋር ማቀዝቀዣ ሲጋራ ቅር አይለውም፤ ኢትዮጵያዊ ደባል ሊመጣ ነው ሲባል ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ነው?» ብሎ ነው። ከተማውን ሳይሆን ብሔሩን ማለቱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን ከክልል ክልል መድበው በአንድ ዶርም ሲያስተኙ ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተነሳ ግጭት ተማሪዎች ሞቱ። ግጭቱ ሌሎች ግቢዎች ደረሰ፤ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ገቡ። አንሶላቸውን ጎን ለጎን ያነጠፉ ልጆች ነበሩ። በየዶርሙ «ከነሱ ይለያል» የተባለ ጓደኛ ነበረ። ያ ልዩነት አደጋ ሲመጣ ማንንም አላዳነም፤ ድንጋይ የሚወረወረው በ«እነሱ» ላይ ነውና።

ስለዚህ ከባሕር ማዶ የተመለሰ ሰው መስፋቱ የሚለካው ባፈራቸው ልዩ ጓደኞች ብዛት አይደለም። «እሱ ይለያል» ማለት ቀላል ነው፤ ለጓደኛው ምስጋና ይመስላል፣ ለወገኑ ግን ስድብ ነው። ከባዱ «ስለ እነሱ የማስበው ስህተት ነበር» ማለት ነው። ይህን ያላለ ሰው አገር ቀይሮ ይሆናል እንጂ ከሰፈሩ አልወጣም።