የደም ካንሰር ሁሉ «የዘር» አይደለም

ልጃቸው የደም ካንሰር ወይም የንፍፊት ካንሰር የያዘው ቤተሰብ ካለ «ዘራቸው ውስጥ አለ» ይባልና ለእህቱ ሽማግሌ የሚልክ ይጠፋል። ጂንን «ዘረመል» ብለን ስለተረጎምን ይመስለኛል፣ ሰው ጂን ሲባል የሚሰማው የአያት ቅድመ አያት ነገር ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ትራንስሎኬሽንን ሸምድዳችሁ ነበር፤ የአንዱ ክሮሞዞም ቁራጭ ሌላው ላይ ሲለጠፍ። እሺ፣ ምን ያደርጋል? ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ሐኪም ካምፓላ ሲሠራ በ1958 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ካንሰር ጽፎ አወጣ። በሽታው ወባ በሚበዛበት ቆላ ይበዛል፣ ማለትም እንደኛ ባለ አገር።

ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ አንቲቦዲ ለመሥራት የራሱን ዲኤንኤ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ወባ ሲደጋገምና ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ሲጨመርበት ሥራው ይበዛል፣ አንዳንዴም ቅጥያው ይሳሳታል። 8ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው፣ ሕዋሱን «ተባዛ» የሚለው ማይክ የተባለ ጂን 14ኛው ላይ ሄዶ አንቲቦዲ ከሚያሠራው ጂን ጎን ይለጠፋል። እዚያ ሰፈር ደግሞ መብራት አይጠፋም (ሰንበቴ አይደለማ!)። ከዚያ በኋላ «ተባዛ» የሚለው ትእዛዝ አያቆምም።

ልብ በሉ፣ ይኼ ሁሉ የሆነው በአንድ ልጅ፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ነው። ከአባቱ አልወረሰውም፣ ለልጁም አያወርሰውም። እህቱ ምን አደረገች? በዘር የሚመጣ ካንሰር የለም አላልኩም፣ አንዳንዱ የጡት ካንሰር አለ። ይኼ ግን አይደለም።

ሌላው፣ የልጅ መንጋጋ ሲያብጥ «ጥርስ ነው» ብሎ ማስነቀል፣ «ዓይን ነው» ብሎ መቀመጥ ይቅር። ይህ ዕጢ በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሚገርመው፣ ፈጥኖ ስለሚባዛ ኬሞቴራፒም በደንብ ይሠራበታል፤ በጊዜ የደረሰ ብዙ ልጅ ይድናል። ጤና ጣቢያ፣ ከሚሴ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ሪፈር አጽፋችሁ ጥቁር አንበሳ ሂዱ። አጎበሩንም ለልጆቹ ስቀሉት እንጂ እህል አትሸፍኑበት።

ከእናንተ መሃል ነርስ ወይም ሐኪም የሆናችሁ ይህን በአፋን ኦሮሞ ጻፉልኝ። እሁድ ገበያ ለሚመጡት እናቶች የሚነበበው እሱ ነው።