አዲስ ሳንባም ኦክስጅን ያጥረዋል

ሐረር ፈረስ መጋላ ጥቂት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና፣ ጎኑ ላይ የታማሚ ፎቶ፣ «ለውጭ ሕክምና እርዱን» የሚል ጥሪ። ከነጋዴው እስከ ባጃጅ ነጂው ሁሉም እጁን ኪሱ ይከታል። ብዙውን ጊዜ ጥሪው ለኩላሊት ወይም ለልብ ነው። ሳንባ ቢሆንስ?

አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። ሳንባ የሚፈልግ ባሕር መሻገር አለበት። እኛም «ብሩ ይሙላ እንጂ ሌላው ቀላል ነው» እንላለን። ኧረ ቀላል አይደለም!

እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው የኖረው 18 ቀን ነበር። ዛሬ ቀዶ ሕክምናው ተሻሽሏል። ሆኖም ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ጣጣ ይገጥማቸዋል፤ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ ይደፈናሉ። ዋናው ተጠያቂ ሰውነት ባዕዱን አካል መዋጋቱ ነው። ተመራማሪዎች ግን ሌላም ተጠርጣሪ አላቸው፦ የኦክስጅን እጥረት። ሳንባው ሲወጣ የቧንቧውን ግድግዳ የሚመግቡ ትናንሽ የደም ሥሮች ይቆረጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሰው አይሰፉም። ግድግዳው ኦክስጅኑ ባነሰ ደም መኖር ይጀምራል። የቀሩት ጥቃቅን ሥሮች ደግሞ በሰውነቱ ጥቃት ሲጎዱ፣ የተራበው ሕዋስ ጠባሳ ወደ መሥራት ሊያዘነብል ይችላል።

ጠባሳው ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ታካሚው በየጊዜው ትንፋሹን ይለካል። በአንድ ሰከንድ የሚያስወጣው አየር ከምርጥ ውጤቱ በ20 በመቶ ወርዶ ከቀረ ሐኪሞቹ ይደነግጣሉ።

አሁን ይህን ሰው ወደ ጁገል እንመልሰው። ሐረር ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጤነኛው ልብም አይለው፣ ሳንባው የተጎዳ ግን መጠባበቂያው ይመናመንበታል። በዚያ ላይ የከሰሉ ጭስ አለ። (ቡና አይፈላ አላልኩም፤ መስኮቱ ይከፈት ነው ያልኩት።)

ትንፋሽ መለኪያው ደግሞ የሚጠቅመው ለእሱ ብቻ አይደለም። ከቲቢ ድኖ ጠባሳው የቀረበት፣ በአስም የሚሰቃይ፣ ማድቤት ውስጥ ያረጀች እናት፣ ሁሉም ይፈልጉታል። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና የጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያን ለማስፋፋት ፍኖተ ካርታ አውጥቷል፤ ጥሩ ጅምር ነው። ትንፋሽ መለኪያውም ተራው ሊደርሰው ይገባል።

ቀጣዩ መኪና ፈረስ መጋላ ሲቆም እኔም የአቅሜን እሰጣለሁ። ግን አስተባባሪዎቹን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሲመለስ ትንፋሹን የት ነው የሚለካው?