የ1952ቱ የማራቶን አሸናፊ

አንድ ኢትዮጵያዊ «በ1952 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበር፤ የእኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ። ይህንኑ ጥያቄ የተቀበለ ኮምፒዩተር ቁጥሩን እንዳለ ይዞ የውጤት መዝገብ ቢገልጥ ግን የሚያገኘው በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ያሸነፈውን ቼኮዝሎቫኪያዊውን ኤሚል ዛቶፔክን ነው። መዝገቡ አልዋሸም፤ ጠያቂውም አልተሳሳተም። በመካከላቸው አስረጂ አልነበረም እንጂ።

ዛሬ ስለዚያ አስረጂ ልጽፍ ወደድሁ። ውድ አንባብያን፣ «የባንክ ሠራተኛ፣ ያውም ግጥም ሞካሪ፣ ስለ ኮምፒዩተር ምን አገባው?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የቋንቋ ነገር ስለሆነ ያገባኛል።

በዚህ ዘመን «ኤጀንት» የሚባሉ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ረዳት ፕሮግራሞች አሉ። ስለ ስፖርት ስንጠይቃቸው ሁሉን በቃላቸው አይመልሱም፤ የውጤት መዝገብ የሚፈልግላቸውን ሌላ መሣሪያ ይጠራሉ። የሯጩን ስም፣ ውድድሩንና ዓመቱን ይሰጡታል፤ ውጤቱን ይቀበሉታል። የመሣሪያውን ውስጡን ግን አያዩትም። የሚያውቁት ሠሪው ስለ መሣሪያው የጻፈላቸውን አጭር መግለጫ ብቻ ነው። ሰው የተሰጠው መመሪያ ሲጎድልበት ጎረቤቱን ይጠይቃል። ይህ አዲስ አንባቢ ግን ብዙ ጊዜ የጎደለውን በግምት ይሞላና በሙሉ ልብ ይናገራል። ስለዚህ መግለጫውን የሚጽፍ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ የደራሲ ኃላፊነት ተሸክሟል እላለሁ።

ስማችንን እንውሰድ። መግለጫው «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ካለው እኛ እዚያ የምንጽፈው የአባታችንን ስም ነው። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ዲባባ እኅትማማቾች ናቸው፤ ቀነኒሳና ታሪኩ በቀለም ወንድማማቾች። ከዚህ ተነሥቶ በቀለ የሚባል አባት ያለው ሯጭ ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ ነው ብሎ የሚደመድም ማሽን ግን አገር ምድሩን ያዛምዳል።

በላቲን ፊደል ሲጻፍማ አንዱ ስም ሦስትና አራት መልክ ይይዛል። ይህን በሥራዬ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጃቸው የላከችላቸውን ሐዋላ ሊቀበሉ መስኮቴ ፊት ቆሙ። በመታወቂያቸውና በሐዋላው ላይ ያለው ስም በአንዲት የላቲን ፊደል ይለያያል። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ እኔው ነኝ» አሉኝ። ደንቡ አልፈቀደልኝምና መለስኋቸው። በዚያች ዕለት መዝገብ የማያውቀው ሰው በቁሙ እንደሚጠፋ ገባኝ።

ሌላው ከባድ ነገር ባዶና ዜሮ ናቸው። ሒሳቡ ውስጥ ዜሮ ብር ያለው ደንበኛና ጭራሽ ሒሳብ ያልከፈተ ሰው አንድ አይደሉም። በስፖርትም እንዲሁ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ሲቲው ኦሊምፒክ አበበ ማራቶኑን ጀምሮ በጉዳት አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። መሣሪያው በአበበ ሰዓት ፋንታ ባዶ ቦታ ቢመልስ፣ ባዶነቱ ምን ማለት እንደሆነ ያልተነገረው ማሽን «አበበ በሜክሲኮ አልሮጠም» ሊል ይችላል። አለመነሣት፣ ማቋረጥና መረጃ ማጣት ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው፤ ሦስቱን በአንድ ባዶ ሣጥን መቅበር ግፍ ነው።

«መግለጫ አጭር ይሁን፤ ይህን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ይረዳዋል» የሚሉ አሉ። በማጠሩ እስማማለሁ። አሳጥሮ መጻፍ ማለት ግን አስፈላጊውን መተው አይደለም። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ የስም አሰያየምን የሚያስረዳ አንድ፣ ባዶ ምን ማለት እንደሆነ አንድ፣ በመጨረሻም «ያላገኘኸውን አላገኘሁም በል» የሚል አንድ ይበቃል። ከሁሉም የምወደው የመጨረሻውን ነው፤ አለማወቅን በግልጽ መናገር ለሰውም ለማሽንም ክብር ነውና።

እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ሌላ ሰው ይጽፍልናል ብለን አንጠብቅ። ባሕረ ሐሳብን የምናውቅ፣ በስማችን ላይ አባታችንን የምንጠራ እኛ ነን። ኮምፒዩተር የተማሩ ልጆቻችንም፣ ቃል የምንወድ እኛም፣ በዚህ ጽሕፈት ድርሻ አለን። አለዚያ ነገ የልጅ ልጃችን ስለ 1952 ሲጠይቅ ስለ ሄልሲንኪ ይነገረዋል፤ እርሱም አምኖ ይሄዳል።

ቁጥር ብቻ ይዘህ ከመዝገብ ብትገባ፣
የሰው ድል ነው እንጂ የኔን መች ታነባ፤
ያላየኸውን ግን አላየሁም በለኝ፣
ካማረው ግምትህ ዝምታህ ይሻለኝ።