ለጸሐፊ የሚቀል የቢሮ ፕሮግራም

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለቡና ባለይዞታዎች።

በዘመናችን የመሥሪያ ቤት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የሚመርጥ ሹም ሁሉ «ለሠራተኛው ይቀለዋልን?» ብሎ መጠየቁ የተገባ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ቅለትን በሥዕሉ ማማርና በቀለሙ ድምቀት ይመዝነዋል። ይህም ጥርሷንና እግሯን ሳያዩ በመልኳ ብቻ በቅሎ እንደ መግዛት ነው። ፕሮግራም ቀላል ሆኖ የሚታየው፥ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር እርሱም ሲያውቅለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ይርጋጨፌን እንመልከት። በመኸር ወራት ገበሬው እሸት ቡናውን ወደ ማኅበሩ ያመጣል፤ ጸሐፊውም ስሙን፥ ኪሎውንና ቀኑን ይመዘግባል። ታኅሣሥ 3 ቀንን «3/4» ብሎ ቢጽፍ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ኤፕሪል 3 ወይም ማርች 4 ነው ይላል፤ እውነተኛው ቀን ግን ዲሴምበር 12 ገደማ ነው። ጳጉሜንን ቢጽፍም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። የጧቱ 3 ሰዓትም ለእርሱ ገና ሌሊት ነው። ደግሞም «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ በእኛ ልማድ ግን ሰው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። ጸሐፊው አንድ ጊዜ የአባቱን፥ አንድ ጊዜ የአያቱን ስም ቢያገባ፥ አንዱ ገበሬ በመዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል፤ የትርፍ ድርሻ በሚከፈልበትም ቀን ገንዘቡ ይጎድልበታል።

የፊደሉም ነገር እንዲሁ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋራ ለማስማማት ብዙ ደክመዋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲህ የፊደላችን መብዛት ለፕሮግራም ሠሪ ምክንያት ሊሆነው አይችልም። የጌዴኦ ቋንቋም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፥ በዚያ አገር የሚሠራበት ፕሮግራም ሁለቱንም ሊቀበል ይገባዋል።

«ሠራተኛው ይለምደዋል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፥ ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ ነገር ግን እስኪለምድ ድረስ የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የማኅበሩን ጸሐፊ ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጡት፤ የትናንቱን የቡና መዝገብ ስጡት፤ ማንም ሳይረዳው ይጻፍ። የት ላይ እንደ ቆመ፥ ስንት ጊዜም እንደ ተሳሳተ ቍጠሩ። ለቅለቱ ምስክር መሆን የሚገባው እርሱ ነው እንጂ ሻጩ አይደለም።