የሯጭ ገበታ፦ ከሠንጠረዡ በፊት መጠኑ

የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ሞያሌን ለሁለት ይከፍላታል። በወዲያኛው ክፍል ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ኡጋሊ፣ በወዲህኛው እንጀራ የተለመደ ነው፤ በዙሪያዋ ያለው የቦረና አርብቶ አደር ደግሞ የኖረው በወተት ነው። ከእነዚህ መካከል ለሯጭ የሚበጀው የትኛው ነው? ብዙዎች መልሱን ከግላይሴሚክ ኢንዴክስ ሠንጠረዥ ይፈልጋሉ። እኛ ግን ከሠንጠረዡ የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን።

ግላይሴሚክ ኢንዴክስ በ1981 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት መለኪያ ነው። አንድ ምግብ ከተበላ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ የደምን ስኳር ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ይለካል፤ ውጤቱም 100 ከተሰጠው ግሉኮስ ጋር ይነጻጸራል። 70ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ፣ 55ና ከዚያ በታች ዝቅተኛ ይባላል።

በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ብስክሌተኞች ከልምምድ አንድ ሰዓት በፊት ምስር የበሉ ዕለት፣ ድንች ከበሉበት ዕለት ይልቅ 20 ደቂቃ ያህል ዘግይተው ደከሙ። የምስር ስኳር ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነውና። ይሁን እንጂ ኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ይህን ውጤት አላገኙም፤ ስፖርተኛው በመካከል ስኳር ያለው መጠጥ ከወሰደም ልዩነቱ ይጠፋል። ከልምምድ በኋላማ ነገሩ ይገለበጣል፦ የተሟጠጠውን የጡንቻ ግላይኮጅን ፈጥኖ ለመተካት ከፍተኛ ኢንዴክስ ያለው ምግብ ይመረጣል።

ስመ ጥር ሯጮች በእርግጥ የሚበሉትንስ እንመልከት። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አሥር የኬንያ ሯጮች ከኃይላቸው 77 በመቶ ያህሉን ያገኙት ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ አንድ አምስተኛው ተራ ስኳር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተጠኑት አሥር ኢትዮጵያውያን ሯጮች ድርሻ 64 በመቶ ገደማ ሆኗል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የካርቦሃይድሬቱ ብዛት ነው፦ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 10 ግራም ያህል። 55 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 550 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው።

እንግዲህ የቆላውን ተማሪ እናስብ። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው የቦረና ከብት አለቀ፤ ከከብቱም ጋር ወተቱ ሄደ። ሻይ ብቻ ጠጥቶ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ «ዝቅተኛ ኢንዴክስ ያለውን ምረጥ» ማለት ምክር ሊሆን አይችልም። ምርጫ የሚኖረው የሚመረጥ ነገር ሲኖር ነው።

ስለዚህ የስፖርት ተሰጥኦ ፍለጋ ከትምህርት ቤት ምገባ ሊጀምር ይገባል ብለን እናምናለን። ሠንጠረዡም ቢሆን የራሳችን ይሁን። የእንጀራ ኢንዴክስ በእህሉ ዓይነትና በአቦካኩ ይለያያልና፣ ከውጭ የተቀዳ ዝርዝር አይበቃንም። የሳይንስ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን መለካት የእናንተ ድርሻ ነው፤ ሯጩን አስቀድሞ መመገብ ግን የሁላችንም።